«ለሁሉም ይሆናል» ያለው ማን ነው?

የፋሲካ ዋዜማ ነው። ቢላዋ ሻጩ ፊት ቆሜያለሁ። ከቆርቆሮው ግድግዳ ላይ በሲባጎ የተንጠለጠሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከስንዝር በላይ የረዘሙ፣ ቀጥ ያሉ፣ ጫፋቸው የሾለ፣ እጀታቸው ልሙጥ ፕላስቲክ። አንዱን አውርጄ ጠየቅሁ።

«ይሄ ለማረድ ነው ለመግፈፍ?»

«ለሁሉም ይሆናል፣ ጋሼ። ያርዳል፣ ይገፍፋል፣ ሽንኩርትም ይከትፋል።»

ልጁን አልወቅሰውም። የነገሩትን ነው የደገመልኝ። በማሸጊያው ላይ የታተመውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ጥያቄዬ ለእናንተ ነው፤ ቢላዋውን መርጣችሁ ላስገባችሁት፣ ላስመረታችሁት፣ ለሽያጭ ይብቃ ብላችሁ ላሳለፋችሁት፣ በየመድረኩም ስለ ቆዳ ጥራት ለምትናገሩት። «ለሁሉም ይሆናል» የተባለው በምን ተፈትኖ ነው? በዚህ ቢላዋ በግ አርዶ፣ ገፍፎ፣ ብልት አውጥቶ «አዎ፣ ለሦስቱም ይበቃል» ያለው ማን ነው? በስንት በግ ሞከረው? ከዚያ በኋላስ ሌጦውን ገልብጦ ያየ አለ?

እኔ አይቻለሁ። ባለፈው ዓመት እኛ ግቢ የታረደው ሙክት ነበር። አራጁ የሰፈር ወጣት ነው፤ ጉልበት አለው፣ ቅን ነው፣ በእጁ የያዘው ግን ይህንኑ ረጅም ቢላዋ ነበር። ሌጦው ተገፍፎ ሲያልቅ ወደ ብርሃን አንሥቼ አየሁት። ሦስት ቦታ ተቀዷል። ያልተቀደደውም በውስጥ በኩል ተጫጭሯል። የልጁ የግራ መዳፍ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ከሰዓት በኋላ «ቆዳ! ቆዳ አለ?» እያለ ያለፈው ሰው ሌጦውን ገለበጠው፣ ጣቱን በቀዳዳው አሾለከ፣ መልሶ አስቀመጠው፣ ሄደ። ዋጋ እንኳን አልጠራም።

ለመሆኑ አንድ በግ ስንት ዓይነት ሥራ ይጠይቃል? ይህን ቁጭ ብላችሁ ቆጥራችሁት ታውቃላችሁ?

የመጀመሪያው ማረድ ነው። የማረጃ ቢላዋ፣ ካራው፣ ረዘም ማለት አለበት። አንገቱን አንድ ጊዜ ስቦ የሚጨርስ ርዝመት ካላገኘ እጅ ወደ ፊት ወደ ኋላ እንደ መጋዝ መመላለስ ይጀምራል፤ እንስሳው ይሠቃያል። ይህ ትናንት የተገኘ እውቀት አይደለም። በእስልምና እርድ ስለቱን አስቀድሞ መሳልና እንስሳውን አለማሠቃየት የታወቀ ሥርዓት ነው። በአይሁድ ሥርዓት ደግሞ ነገሩ እስከ ልኬት ደርሷል፤ የማረጃው ቢላዋ ርዝመት ቢያንስ የእንስሳው አንገት ወርድ እጥፍ እንዲሆን ይፈለጋል። ሹል ጫፍ የለውም። ስለቱ ላይ የተሸረፈ ነገር እንዳይኖር ከእርድ በፊትም በኋላም በጥፍር እየተዳሰሰ ይፈተሻል። ለዶሮ ሌላ ነው፣ ለበሬ ሌላ። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ይህንን ያውቁታል። ከብዙ ዘመን በፊት የነበሩ ሰዎች ቢላዋን ከእንስሳ አንገት ጋር ለክተው ደንብ ካወጡ፣ ዛሬ በማሸጊያ ላይ «ይህ ለዚህ ሥራ ነው» የምትል አንዲት መስመር መጻፍ ምኑ ከበደ?

ሁለተኛው መግፈፍ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ለማረድ የጠቀመው ርዝመት ለመግፈፍ ጠላት ነው። የሾለው ጫፍ ደግሞ ከርዝመቱም ይብሳል።

ለምን? የእጅ አንጓ ቢላዋ ሲይዝ መዛባቱ አይቀርም፤ በደም በረጠበ፣ በሞራ በተቀባ እጅ ሲሆን ይብሳል። እጅ በ5 ዲግሪ ብቻ ቢዛባ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ያለ ጫፍ 26 ሚሊ ሜትር ያህል ይስታል። ጫፉ 13 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሆን ግን የሚስተው 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የበግ ሌጦ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ታዲያ በየትኛው ስሌት ነው ከስንዝር የረዘመ ቢላዋ ለዚህ ሥራ የቀረበው? ለመሆኑ ስሌት ነበር?

ለመግፈፍ የሚሠራ ቢላዋ ምን እንደሚመስል ሙያው ያላቸው ያውቁታል። ስለቱ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር። ከመሀሉ ጀምሮ ወደ ላይ የሚቀለበስ፣ ሆዱ የጎበጠ። ጫፉ ክብ ወይም የደነዘ። የጎበጠው ሆድ ሌጦውን ሲነካ ይንሸራተታል፤ ቀጥ ያለው ሹል ግን ይሰካል። ምስጢሩ ይኸው ነው። በየቄራው በዚህ ሥራ የሚተዳደር ባለሙያ ቀጥ ያለና የሾለ ረጅም ቢላዋ ስጡኝ ብሎ አይጠይቃችሁም። ቄራ የሚያውቀውን የመንደሩ ገበያ የማያውቀው ለምንድን ነው? በበዓል ቀን አብዛኛው በግ የሚታረደው ግቢ ውስጥ መሆኑ ጠፍቷችሁ ነው?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ እሱ ስለሆነ። ትልቁ የመግፈፍ ሥራ ቢላዋ ጭራሽ አይፈልግም። ቢላዋ የሚያስፈልገው ለመክፈቻው ነው፤ በሆዱ መሀል፣ በእግሮቹ ውስጥ በኩል፣ በአንገቱ። ከዚያ በኋላ የሚገፍፈው ጡጫ ነው። ጡጫ በሌጦውና በሥጋው መካከል ገብቶ እየገፋ ይሄዳል። አይቀድም፣ አይጭርም። ሽማግሌዎቹ ይህን ያውቁ ነበር። እግሩ ላይ ጥቂት ቀድደው በትንፋሽ ነፍተው ሌጦውን ከሥጋው ሲያላቅቁ አይተናል። ስልቻ የሚያወጣ ሰው ቢላዋውን እንዴት ይጠነቀቅ እንደነበር አስቡት፤ አንዲት ቀዳዳ ካለችበት እህሉን ታፈሳለች። ብራና ፋቂውም ቢሆን ያውቀዋል። በቢላዋ የተነካች ስስ ቦታ ሌጦው በእንጨቱ ላይ ሲወጠር እንደ ዓይን ትከፈታለች፤ በጥንት የብራና መጻሕፍት ውስጥ በክር የተሰፉ ቀዳዳዎች የምናየው አንዳንዶቹ ከዚሁ የመጡ ናቸው። በደብተራ ቤት የታወቀ ነገር፣ በአዝመራ ስልቻ የታወቀ ነገር፣ በሥልጠና አዳራሽ ውስጥ እንዴት ጠፋ?

ሦስተኛው፣ ብልት ማውጣት፣ ሌላ ቢላዋ ይፈልጋል፤ ጠባብ፣ ጠንካራ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ጫፉ ወደ መገጣጠሚያ የሚገባ። ትልቁን ሥጋ ሰፋ አድርጎ ለመቁረጥ ከሆነ ግን ከ25 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነው ይሻላል። ለአጥንት ቢላዋ አይነሣም፤ መጥረቢያ አለ፣ ገጀራ አለ።

ስለ አንድ ሌጦ ይህን ያህል ምን አስጨነቀህ የሚለኝ ይኖራል። አገሬ ናት ያስጨነቀችኝ። በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ነን ስትሉ እንሰማለን፤ እውነት ነው። የደጋ በግ ሌጦ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ ለጓንት የሚፈለግ፣ በዓለም ገበያ ስም ያለው ነው። የባቲ ፍየል ሌጦም እንዲሁ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 567 በጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳና ሌጦ ላይ 150 በመቶ የወጪ ንግድ ታክስ ጣለ። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ቆዳው እዚሁ ይለፋ፣ እዚሁ ጫማና ጓንት ይሁን፣ ሥራውም ገቢውም እዚሁ ይቅር። ጥሩ። ታዲያ ያ ሁሉ ተስፋ የሚጀምረው ከየት ነው? ከፋብሪካ በር? ወይስ ግቢ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ከሚገፍፈው ልጅ እጅ?

የመውጫውን በር በታክስ ስትዘጉ፣ የመግቢያውን በር ማን ጠበቀ?

ውጤቱን ሁላችንም እናያለን። ከበዓል ማግስት ሌጦ በየመንገዱ ዳር፣ በየቦዩ ተጥሎ ይሸታል። አንድ ጊዜ አይደለም፤ በተደጋጋሚ አይተነዋል። ጥፋቱ ሁሉ የቢላዋ ነው አልልም። ዋጋው ወድቋል፤ ሰብሳቢው ቀንሷል፤ ጨው በሰዓቱ አይነሰነስም፤ ቅማልና መሰል ተባይ የሚያመጣው እከክም ሌጦውን በቁሙ ያበላሻል። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ግን ከእነዚህ መካከል በአንድ ተራ ዕቃ ሊቀነስ የሚችለው የትኛው ነው? እከክን ለማጥፋት መድኃኒትና ዘመቻ ያሻል። የዓለም ገበያን ዋጋ እዚህ ሆኖ ማዘዝ አይቻልም። የተቀደደ ሌጦ ግን? ለእሱ ምን ይፈለጋል? 15 ሳንቲ ሜትር ብረት አይደለም?

የተጫረውስ? ቀዳዳ ቢያንስ በዓይን ይታያል። ጭረት ግን ፀጉሩ እስኪነሣ፣ ሌጦው እስኪለፋ ድረስ ይደበቃል። ከዚያ በኋላ ነው ስስ መስመር ሆኖ የሚወጣው፤ ጓንት የሚሆነው ስስ ሌጦም በዚያች መስመር ላይ ይሰነጠቃል። ገዢው ይህን ስለሚያውቅ በጅምላ ዋጋ ይቀንሳል። ጥሩ አድርጎ የገፈፈውም ካልገፈፈው ጋር አብሮ ይቀጣል። እንግዲህ ልጠይቅ፤ በሰፈራችን የሚዞረው ቆዳ ገዢ ለንጹሕ ሌጦ የተለየ ዋጋ የሚከፍልበት አሠራር አለ? ካለ፣ እኛ ለምን አልሰማንም? ከሌለ፣ ሰው ለምን ብሎ ይጠንቀቅ?

ሥልጠና ሰጥተናል ትላላችሁ። እሺ። የት? ለማን? በበዓል ቀን ቢላዋ ለሚያነሣው የሰፈር ወጣት ነው ወይስ አዳራሽ ውስጥ ለተሰበሰበ ባለሙያ? ሠልጣኙ ወደ ቤቱ ሲመለስ በእጁ ምን ይዞ ተመለሰ? ብሮሹር? ወይስ መግፈፊያ ቢላዋ? ብሮሹሩ ላይ የተሳለውን ጎባጣ ቢላዋ ገበያ ወጥቶ ሊገዛ ቢል የት ያገኘዋል? ሄዳችሁ ሞክራችኋል? እኔ ሞክሬያለሁ። አምስት ሱቅ ገብቼ አምስቱም ያንኑ ረጅም ሹል አወጡልኝ። ሰውን በሌለ ዕቃ ማሠልጠን ምን ይባላል?

ወደ ቢላዋው ልመለስ፤ ገና አልጨረስኩም።

ማሸጊያው ላይ «ስቴንለስ» ይላል። ስቴንለስ ማለት አይዝግም፣ ቢያንስ ዝገትን ይቋቋማል ማለት ነው፤ በብረቱ ውስጥ ክሮሚየም ቢያንስ 10.5 በመቶ አለ ማለት ነው። ታዲያ የማይዝግ ሁሉ ስለቱ ይቆያል? አይቆይም። ስለት የሚያቆየው የብረቱ የካርቦን መጠንና በእሳትና በማቀዝቀዝ የተሰጠው ጥንካሬ ነው። ይህ ለምን አልተጻፈም? ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ ብረት የሚሠራው ቢላዋ ስለቱ ይዝጋል፤ ግን አንድ ጊዜ ከተሳለ ሙሉ በግ ያስጨርሳል። የሚያብረቀርቀው ደግሞ ከግማሽ በግ በኋላ ይዶለዱማል። ዱልዱም ቢላዋ የያዘ ሰው ምን ያደርጋል? ይጫናል። ሲጫን ያመልጠዋል። ሲያመልጠው ወይ ሌጦውን፣ ወይ መዳፉን። ያ ወጣት መዳፉን በጨርቅ የጠቀለለው በሞኝነት ይመስላችኋል?

እጀታውስ? ብረቱ በፕላስቲኩ ውስጥ እስከ የት ይዘልቃል? ሙሉውን ነው ወይስ ሁለት ጣት ያህል ገብቶ ይቆማል? ገዢው ሊያይ አይችልም፤ ታሽጓል። ሞራ ሲቀባው እጅ ወደ ስለቱ እንዳይሸሽ የሚያግድ ጉብታ ለምን አልተደረገለትም? ለሚወጋ ሹል ቢላዋ ልሙጥ እጀታ የሰጠው ማን ነው? ለዚያ ሰው ከዚህ በፊት ይህ ጥያቄ ቀርቦለት ያውቃል?

ነገሩ ከእርድም ያልፋል። ዶሮዋን ተመልከቱ። አሥራ ሁለት ብልት ሆና የምትወጣው መገጣጠሚያዋ ተፈልጎ ነው። አጭርና ጠባብ ስለት መገጣጠሚያውን ያገኘዋል፤ ከስንዝር የረዘመ ቢላዋ ግን አጥንቱን ሰብሮ ያልፋል። ወጡ ውስጥ የምናገኘው የአጥንት ስንጥር ከየት መጣ? ለሽንኩርት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሰፋ ያለ፣ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ የጣት አንጓ ከመክተፊያው እንጨት ጋር የማያጋጭ። በእጃቸው መሀል ላይ በትንሽ ቢላዋ ሽንኩርት የሚከትፉትን እናቶቻችንን አውራ ጣት አይታችሁ ታውቃላችሁ? የዚያን ጠባሳ ብዛት?

መልሳችሁን አስቀድሜ አውቃለሁ። «ሕዝቡ ርካሽ ነው የሚፈልገው» ትላላችሁ። ማን ጠየቀው? ሁለቱን ቢላዋዎች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ፣ ልዩነቱን ነግራችሁ፣ ከዚያ ርካሹን መረጠ? ወይስ አንድ ብቻ አቅርባችሁ «መረጠ» አላችሁ? ሌላው መልስ «ድሃ ቤት ሦስት ቢላዋ ከየት ያመጣል?» የሚል ነው። ይህኛው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ በአክብሮት መመለስ አለበት። ግን መግፈፊያ ቢላዋ በዓመት ስንት ቀን ነው የሚያስፈልገው? እድራችን ድንኳን አለው። ብረት ድስት አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ሳህን አለው። ቤቱ ድንኳን ስለሌለው ሐዘን ሳይቀመጥ የቀረ ሰው የለም። አንድ ካራ፣ ሁለት መግፈፊያ፣ አንድ ብልት ማውጫ፣ አንድ ሞረድ። ይህ ከአንድ ብረት ድስት ይበልጣል? ቅርጫ ለማረድ አሥር አባወራ ገንዘብ ሲያዋጣ፣ ለቢላዋው የሚሆን ሳንቲም አጥቶ ነው? የጠፋው ገንዘብ ነው ወይስ «ይህን ግዙ» የሚል ሰው?

እዚህ አገር ሊሠራ አይችልም እንዳትሉኝም እለምናለሁ። ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ብረት ስንት ነገር እንደሚወጣ ያላየ የለም። ባሌስትራውን አግሎ የሚቀጠቅጠው ሰው ስለቱን ማጉበጥና ጫፉን ማዞር ያቅተዋል? አያቅተውም። የሚሠራው የታዘዘውን ነው። እስከ ዛሬ ልኬቱን ጽፎ፣ ሥዕሉን ስሎ፣ «ከዚህ ቅርጽ 100 ሥራልኝ» ብሎ ያዘዘው አለ? ከእናንተ መካከል አንዱ በዚያ በር አልፎ ያውቃል?

የሠራችሁ ካላችሁ ንገሩን። የለካችሁ ካላችሁ ቁጥሩን አሳዩን፤ በዚህ ቢላዋ ከተገፈፈው ስንቱ ተቀደደ፣ በዚያኛው ስንቱ? ደረጃ አውጥተን ነበር ካላችሁ፣ የስለቱን ርዝመትና የጫፉን ቅርጽ የሚናገረው ክፍል የቱ ጋ ነው? ቢላዋ ሲገባ የሚፈተሸው ምኑ ነው፤ ብረቱ፣ እጀታው፣ ወይስ ማሸጊያው?

ዘንድሮም በጉን ገዝቻለሁ። ደጅ ታስሮ ይጮኻል። ያ ወጣት ጠዋት ይመጣል፤ የመዳፉ ቁስል ድኗል፣ ጠባሳው ግን አለ። ረጅሙን ቢላዋ ለማረጃው ስዬ አስቀምጫለሁ። ሲጨርስ ከእጁ ተቀብዬ ሌላ ላቀብለው እፈልጋለሁ፤ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ሆዱ ጎባጣ፣ ጫፉ ክብ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ሱቆች እስከ ማታ ክፍት ናቸው። ከየት ልግዛው?